ጳጉሜ አራት

መስከረም በባተ በሦስተኛው ማታ
በሁለት ሰው ትከሻ ታጅቦ እንደ ጌታ፣
ከፒያሳ ተነስቶ ሳሙና በር ደርሶ፣
በሩ አላሳልፍ ቢል መቃኑ ተገምሶ፣
ገባ ቴሌቪዥኑ።

ሃምሳ አምስት ኢንች ነው፣ ስስ ነው እንደ ቂጣ፤
የሁለት ዓመት እቁብ ለእሱ ነው የወጣ።
ለስፌት መኪናዬ ሞተር ያልሁት ብር ተጨምሮ፣
ከአማቼም ኪስ ጥቂት እየታፈረ ተበድሮ።

ሻጩ አምሳሉ ነው። “ርካሽ የወደደ ሁለት ጊዜ ገዛ፤
ይኼን ግን የልጅ ልጅ ያየዋል እንደዋዛ”
ብሎ ማለልኝ።
“ዋስስ?” ስለው ጊዜ ወረቀት ሰጠኝ፤
“አሥራ ሁለት ወር” ይላል። ማኅተሙ አማረኝ።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ ዋስ ጥራ ያለ ለት
የመጣው ሰው ነበር፤ ቢከዳ የሚያዝ በከብት፣
ስም ያለው፣ ሲጠሩት የሚል “አቤት፣ አቤት።”
የኔ ዋስ ወረቀት።

ሚስቴ ይታይሽ ናት። እንደ ስሟ ታያት፦
ከባሕር ሥር ያለ ዓሣ ዓይን ለዓይን አያት፤
የኳሱ ሜዳ ሣር፣ የዘፋኙ ብጉር፣
የማናውቀው አገር የበረዶ ክምር።
ጎረቤት ሲመጣ ድምፁን ታስጮኻለች፣
ሲሄዱ ነጠላ አልብሳ ታስተኛዋለች።
መብራት ቦግ እልም ሲል፣ ወጡ ቢያርርም ይረር፣
ሶኬት ነቃይ እሷ፤ የሕፃን ያህል ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል፣ ዝናቡ ጸበል ነው፤
የግቢው ልጅ ሁሉ ራቁቱን ሲዘል ነው የዋለው።
በማግሥቱ ማታ፣ ዜና ላይ እያለን፣
ጥቁር ሆነብን።
መብራት ሄደ ብለን ቀና ብንል፣ አምፖሉ በርቷል፤
ድምፁም ስለ ማዳበሪያ ማውራት ቀጥሏል።

“ዓመት አልሞላውም! መስከረም አልባተም!”
“ዓመት መቼ ይላል? ወር ነው፤ ይኸው ማኅተም።
አሥራ ሁለት ወሩ ትናንት ነው ያለቀ።”
ይኽን ሲል አምሳሉ ጥቂት እንኳ አልሳቀ።
“ጳጉሜስ?” ብለው ደግሞ፦ “አሥራ ሦስተኛ ናት፤
ወረቀቱ ላይ ግን እሷ የለችበት።”

ለደመወዝ ሲሆን ማንም የማይቆጥራት፣
ቤት አከራይ እንኳ እያየ የሚያልፋት፣
አምስት ቀን፣ ጉርሻ ወር፣ በኔ ላይ ስትመጣ
ወር ሆና ቁጭ አለች ድርሻዋን ልታወጣ።

እንዳላማው ጠጋኙ፣ ከደረጃ ሥር ሱቁ፣
አንጀታቸው ወጥቶ ሬዲዮኖች የወደቁ፣
አምፖሉን አጥፍቶ ባትሪ አበራበት።
ከጥቁሩ መስተዋት ብቅ አለች አንዲት ሴት፣
የብርጭቆ አፍ በሚያህል ክብ ውስጥ፣ ጉትቻዋን አድርጋ፣
አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚሰማት የለም።
“ምስሉ አለ፣ ጋሼ፤ የከዳው ከጀርባ ብርሃኑ ነው።
ማስተካከያውም የዋጋው ግማሽ ነው”
አለና አንገቱን ደፋ፣ እሱ ያበላሸው ይመስል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማኅተምም የለኝ፤
“ከተተረተረ” እላለሁ “አምጣልኝ።”
ከስምንት ዓመት ኋላ አንዱ ሱሪ ይዞ መጣ፤
ክሩስ ደኅና ነበር፤ ሆዱ ነው ቦርጭ ያወጣ።
ዝም ብዬ አሰፋሁለት። ምን ይደረግ፣
“አምጣ” ያልሁት እኔ ነኝ።

ሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ አልጣልነውም ገና።
ማታ ማታ ይታይሽ ባትሪዋን ትይዝና
እንደ ጠፋ መርፌ ትፈልጋቸዋለች፣
ከዳር እስከ ዳሩ በክብ በክብ እያለች።
“ይኸ ዓይኑ ነው... ይኸ እጁ... ከኋላው ዛፍ አለ...
ውይ፣ ዓሣው!”

ቁልፍ እየተከልሁ፦ “ለባትሪሽስ” አልኋት፣ “ዋሱ ማን ነው?”
“ዝም በል” አለችኝ፣ “እያየሁ ነው።”